አሥር ከአሥር

ሰኔ 12፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት፣ ሱቅ ውስጥ

ዛሬ ሱቁን አልከፈትኩም። በሩን ከውስጥ ቀርቅሬ በብትን ጨርቁ ጣቃዎች መካከል ተቀምጫለሁ። ትናንት በፖስታ ጥቅል መጣልኝ። ሚጢጢ የምንላት ታናሽ እህቴ በሰው አገር ሞታለች። ጥቅሉን የላከችው አብራት ትሠራና ትኖር የነበረች ሴት ናት። እማዬ ገና አልሰማችም። ለምሳ ቤት ስገባ እነግራታለሁ።

ከመንገሬ በፊት ግን አንድ ነገር ማወቅ አለብኝ። ከአቅራቢ ጋር ጠብ ሲነሳ አልጮህም፣ አልምልም። ወረቀቶቹን በቀን በቀናቸው ደርድሬ ጥፋቱ የት ላይ እንደተጀመረ እፈልጋለሁ። እስከ ዛሬ ሁልጊዜ የሌላው ሰው ጥፋት ሆኖ ነው የማገኘው።

የእሷን ደብዳቤዎች ዛሬ ጠዋት ከእማዬ ቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ወስጃለሁ። የእኔ በካርቦን ቅጂ አሉ፤ ነጋዴ ቅጂ ሳያስቀር ወረቀት አይልክም። ሌሎቹ ወረቀቶች በጥቅሉ ውስጥ መጥተዋል። በተራ እገለብጣቸዋለሁ።

*

ጥቅምት 4

ይድረስ ለወንድሜ ለጋሼ፤

ይህች ወረቀት እርስዎንም እማዬንም በሙሉ ጤና ታግኛችሁ። ጉልበቷ እንዴት ነው? ሁለቱንም ጉንጮቿን ይሳሙልኝ፤ አንዱን ብቻ ስመው እንዳይሄዱ። እኔ በጣም ደህና ነኝ፤ ሐሳብ አይግባችሁ።

ሥራዬ ያው ነው። የሆቴሉ የልብስ ማጠቢያ ክፍል ምድር ቤት ነው፤ መስኮት የለውም፣ ቀኑን ሙሉ እንፋሎት ነው። አንሶላው ከማሽኑ ሲወጣ እኔና አንዲት ሴት ጫፍና ጫፉን ይዘን፣ ወደፊት እየተራመድን፣ ፊት ለፊት እየተገናኘን እናጥፋለን። «ሙሽሮቹ» ይሉናል። ሴትየዋ በጣም ረጅም ስለሆነች ረጅሟ እላታለሁ። አብራኝ የምትኖረውም እሷው ናት።

ከምድር ቤት ወጥቶ እንግዳ መቀበያው ጋ ለመሥራት የእንግሊዝኛ ፈተና አለ። ከሥራ በኋላ ትምህርት ጀመርኩ። አሁን የያዝነው ማወዳደር ነው። የእኛ ቋንቋ «ከዚህ ያ ይበልጣል» ብሎ ይገላገላል። እነሱ ግን አንዱን ቃል ጅራት ይቀጥሉለታል፣ አንዱን ከፊቱ ሌላ ቃል ያስቀድሙለታል፣ አንዱ ደግሞ ጭራሽ ስሙን ይቀይራል። ግራ ገባኝ። እርስዎ ከውጭ ነጋዴዎች ጋር ሲጻጻፉ የኖሩ ነዎትና ያስረዱኝ። የወደድኩላቸው ነገር ቢኖር በእነሱ ቋንቋ አንተና እርስዎ አንድ ቃል መሆኑን ነው። በእንግሊዝኛ ስጽፍልዎ እንደ ልቤ «አንተ» እልዎታለሁ፤ እንግዲህ አይቆጡ!

ለፈተናው ቀን የሚሆነኝ ሰማያዊ ፖፕሊን ሦስት ሜትር ይላኩልኝ።

ከመኝታዬ በፊት ሁልጊዜ የማስባችሁ፣ እህትዎ

*

ጥቅምት 29

ለሚጢጢ፤

ደብዳቤሽ ደረሰን። ለእማዬ ሁለት ጊዜ አነበብኩላት፣ ሁለቱንም ጉንጮቿን ሳምኩልሽ። «አንዱ ለእኔ አይደለም፤ ለእሷ አስቀምጠው» አለች። ጉልበቷ እንደ አየሩ ነው። ሱቁ ደህና ነው።

ማወዳደር የሱቅ ሥራ ነው፤ እንዳትፈሪው። ደንበኛ ሲመጣ ሦስት ጣቃ እዘረጋለሁ። መጀመሪያ ደህናውን፣ ቀጥሎ የሚሻለውን፣ በመጨረሻ ከሁሉ የሚሻለውን። ጉድ፣ ቤተር፣ ቤስት። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ጨርቅ ብቻ ካለ ቤስት የሚባል ነገር የለም። ቃሉ አጭር ከሆነ ጅራቱ ላይ «ኧር» ጨምሪ። ረጅም ከሆነ ከፊቱ «ሞር» አስቀድሚ። ሁለቱን በአንድ ቃል ላይ አትደርቢ፤ በቀበቶ ላይ ገመድ አይታሰርም። ከሁሉ የሚበልጠውን ስትጠሪ «ዘ» አትርሺ። ባድ የሚለው ባደር አይሆንም፤ ወርስ ነው፣ ከዚያ ወርስት።

ከእንግዲህ ከየደብዳቤሽ ጋር አሥር ዓረፍተ ነገር በተለየ ወረቀት ላይ ጻፊና ላኪ። በቀይ አርሜ እመልስልሻለሁ። ከራስሽ ኑሮ ይሁን፤ ከመጽሐፍ የተቀዳ አልቀበልም።

ፖፕሊኑን ልኬያለሁ። ልክሽን መጠየቅ አያስፈልገኝም፤ ሰው ከበር ሲገባ ስንት ሜትር እንደሚበቃው ዓይኔ ያውቃል።

ጤናሽን የሚጠብቅ አይለይሽ፤ ወንድምሽ

*

«ከራስሽ ኑሮ ይሁን» ያልኩት እኔ ነኝ። ቅጂው ይመሰክራል።

የመጀመሪያው ወረቀት ከኅዳር 25 ደብዳቤዋ ጋር መጣ። ደብዳቤው አጭር ነው፤ ደህና ነኝ፣ ጨርቁ ደርሶኛል፣ እማዬን ሳሙልኝ ይላል። በወረቀቱ ላይ እኔ የሰጠኋት ስድስት ከአሥር ነበር። ከዓረፍተ ነገሮቹ ጥቂቱን ወደ አማርኛ መልሼ እጽፋለሁ፤ ከጎኑ ያለው የእኔ ቀይ ነው።

«ከቤታችን ሁሉ ትንሿ እኔ ነኝ።» — «ዘ» ረስተሻል።

«ረጅሟ ከእኔ ትረዝማለች፤ ከበሩም ትረዝማለች።» — ትክክል። ጎንበስ ትበል።

«የሆቴሉ አንሶላ ከክፍላችን ይሰፋል።» — ትክክል።

«ዛሬ ከትናንት ይበልጥ ደከመኝ።» — ሞር አስቀድመሽ ኧርም ጨመርሽ። ቀበቶና ገመድ!

ይህን ስጽፍ እየሳቅኩ እንደነበር አስታውሳለሁ። አንዲት ደንበኛ «ምን አሳቀዎት?» ብላኝ «ተማሪ አለችኝ» ብያታለሁ።

*

ጥር 30

ለወንድሜ ለጋሼ፤

ጤናና ሰላም ከደጃችሁ አይጥፋ። በማዘግየቴ ይቅርታ፤ ሥራ በዝቶብኝ ነው። እኔ ደህና ነኝ። እማዬን ደህና ናት ብለው ይንገሯት።

ቀሚሱን አሰፋሁት፤ ትንሽ ሰፋ አለብኝ። የሰፊዋ ጥፋት ነው። ሌላ ወፈር ያለ ጨርቅ ቢልኩልኝ ደስ ይለኛል፤ እዚህ ብርድ ነው። ሁለት ሜትር ተኩል ይበቃኛል።

ፈተናው ወደፊት ተራዝሟል። እስከዚያ ዓረፍተ ነገሮቹን እልካለሁ። እባክዎ ቶሎ ይመልሱልኝ፤ ከደብዳቤው ይልቅ ወረቀቱን ነው የምጠብቀው።

እህትዎ

*

ወረቀቱ ይኸውና፤ ስምንት ከአሥር።

«ቀሚሴ ከእኔ ይሰፋል።» — ትክክል።

«የማሳልበት ሰዓት ከምተኛበት ሰዓት ይረዝማል።» — ትክክል። ግን ዓረፍተ ነገሩ ተንዛዛ።

«ደረጃው ዛሬ ካለፈው ወር ይረዝማል።» — ሰዋስዉ ትክክል ነው፤ ነገሩ ግን ስህተት። ደረጃ አያድግም። ሌላ ምሳሌ ፈልጊ።

ደረጃ አያድግም። በቀይ፣ በራሴ እጅ፣ ከሥሩም አስምሬበታለሁ።

*

የካቲት 22

ለሚጢጢ፤

ከእኛ ወዲህ ሁሉ ሰላም ነው። እማዬ «ድምጿ ቀነሰ» አለችኝ። «ደብዳቤ ምን ድምፅ አለው፤ የማነበው እኔ ነኝ» ብላት «እንግዲያ አንተ ነህ ድምፅህን የቀነስከው» አለችኝ።

ትምህርትሽ እየገፋ ነው። ሰዋስዉን ይዘሽዋል፤ አሁን የቀረሽ ምሳሌ መምረጥ ነው። ነጋዴ የሌለ ዕቃ አያወዳድርም። ስለ ደረጃ፣ ስለ ሳል ምን አስጻፈሽ? ስለ ሥራሽ፣ ስለምታያቸው እንግዶች ጻፊ።

ሁለት ሜትር ተኩል ወፍራም ጨርቅ ልኬያለሁ። ሰፊዋን ቀይሪ። ልክ የማታውቅ ሰፊ የባለ ጨርቁን ስም ታጠፋለች።

ወንድምሽ

*

ከዚህ በኋላ ከሁለት ወር በላይ ምንም አልመጣም። እማዬ በየቀኑ «ፖስታ ቤት ሄድክ?» ትላለች። ሄድኩ እላለሁ። አንድ ቀን አልሄድኩም ነበር፤ አወቀችብኝ።

*

ሚያዝያ 9

ለጋሼ፤

ቤታችሁ በሰላም ይዋል። ዘገየሁባችሁ። እኔ እየተሻለኝ ነው ልል ነበር፣ ምንም አልነበረኝምና ተውኩት። ደህና ነኝ።

አሁን ሥራ ትንሽ ቀንሼ ብዙውን ጊዜ ለጥናት አውለዋለሁ። ረጅሟ አንሶላውን ብቻዋን ጫፉን ወንበር ላይ አስራ ታጥፋለች። «ሙሽራዬ ጥሎኝ ሄደ» ትላለች፤ በጣም ታስቀኛለች።

ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ዓረፍተ ነገሮቼን ያነቧቸዋል ወይስ ያርሟቸዋል ብቻ?

ቀለል ያለ ጨርቅ ካለ ይላኩልኝ። ሁለት ሜትር ይበቃል።

እማዬን ይሳሙልኝ። ዛሬስ አንዱም ይበቃል።

*

ይህ ደብዳቤ የደረሰ ቀን ጨርቁን ቆርጬ ጠርዙን እንድትቀመቅምልኝ ለእማዬ ወሰድኩላት። ዓይኗ ደክሟል፤ እጇ ግን አልደከመም። ጨርቁን ከአፍንጫዋ እስከ ክንዷ ጫፍ ዘርግታ ለካችው።

«ሁለት ሜትር? ይህ ለማን ልጅ ነው?»

«ለሚጢጢ ነው እንጂ። ፋሽኑ ነው እማዬ፤ አሁን አጭርና ጠባብ ነው የሚለበሰው።»

«እንጃ» አለች። መርፌዋን ብዙ ጊዜ አላነሳችም።

ዓይኔ ያውቃል የምለው ሰው እኔ ነኝ። ሦስት፣ ሁለት ተኩል፣ ሁለት። በዚህ ጠረጴዛ ላይ፣ በዚህ መቀስ፣ እህቴ ስትቀንስ እየቆረጥኩ ላክሁላት።

የዚያን ጊዜ ወረቀት አሥሩም ያለ ስህተት ነበር። አሥሩንም መጻፍ አልችልም። እነዚህ ይበቃሉ፦

«ሐኪሙ ከማሽኑ ያነሰ ይናገራል።» — ትክክል።

«ይህ ወር ካለፉት ወሮች ሁሉ የከፋ ነው።» — ትክክል! ወርስት! ደርሰሽበታል።

«ብርድ ልብሴ ከእኔ ይከብዳል።» — ትክክል።

«ለእማዬ ከመንገር ይልቅ ከእማዬ መደበቅ ይከብዳል።» — ትክክል። ሞር በቦታው ገብቷል።

«ከማውቃቸው ሰዎች ሁሉ ደጉ አንተ ነህ።» — ትክክል። ዘ አለ። አመሰግናለሁ።

*

ግንቦት 1

ለሚጢጢ፤

አሥር ከአሥር! ወረቀትሽን ይዤ ሱቁን እየዞርኩ ላገኘሁት ሁሉ አሳየሁ። ለእማዬ «ልጅሽ አንድ ስህተት የላትም» ስላት አጨበጨበች። ከዚያ «ምን ብላ ጻፈች?» አለችኝ። «ትምህርት ነው» አልኳት።

አነባለሁ ወይስ አርማለሁ ላልሽው፣ ፊደል በፊደል ነው የማነበው። ነጥብ እንኳ አያመልጠኝም። የአቅራቢዎችን ውል የማነብበት ዓይን ነው።

ሁለት ሜትሩን ልኬያለሁ። አሁን ፈተናውን አትፍሪ። ተዘጋጅተሻል።

በአንቺ የሚኮራው ወንድምሽ

*

ከዚህ ደብዳቤ በኋላ የመጣው የትናንቱ ጥቅል ነው። ውስጡ ያለው ይህ ነው፦ የተሰፋው ሰማያዊ ቀሚስ። ያልተሰፋው ሁለት ሜትር ተኩል። ያልተሰፋው ሁለት ሜትር፣ እማዬ የቀመቀመችው ጠርዝ እንዳለ። ሦስቱ ወረቀቶች ከነቀዩ፤ የመጨረሻው በአራቱም ማዕዘን ተበስቷል። የረጅሟ አጭር ማስታወሻ፣ ሚጢጢ በሳንባ በሽታ እንደሞተች፣ እንዳልተሰቃየች የሚል። የመጨረሻውን አላመንኩም። ደግሞም ያልተላከ አንድ ደብዳቤ።

*

ግንቦት 23

ጋሼ፤

ዛሬ በአማርኛም አንተ ልበልህ። ይህን ደብዳቤ ለእማዬ አታነበውምና ማንም አይሰማንም።

አሥር ከአሥሩ ደረሰኝ። ረጅሟ ከአልጋዬ ፊት ለፊት ግድግዳው ላይ መታችልኝ። ሊጠይቀኝ የመጣ ሁሉ ያያል። ነርሷ «ማነው መምህርሽ?» አለችኝ። ወንድሜ ነው አልኳት። ከዚያ ጠጋ ብላ ዓረፍተ ነገሮቹን አነበበችና እጄን ያዘችኝ። አንብባ ገባት፤ በጣም ነው ደስ ያለኝ። እንግሊዝኛዬ ያስታውቃል ማለት ነው።

በአማርኛ ያልጻፍኩልህ ለምን እንደሆነ ታውቃለህ። ጮክ ብለህ ታነባለህ፤ መሃል ላይ ድምፅህ ይሰበራል፤ እማዬ ከድምፅህ ታውቃለች። ስለዚህ እሷ በማትሰማው ቋንቋ ለአንተ ብቻ ነገርኩህ። አንተም «ከራስሽ ኑሮ ጻፊ» ስትል የገባህ መስሎኝ ነበር።

ስድስት ከአሥር ስትሰጠኝ ያልገባህ በስህተቴ ምክንያት ነው አልኩ። አጠናሁ። ስምንት ስትሰጠኝ ሁለት ብቻ ቀረ አልኩ። ስህተት ከሌለበት ይገባዋል እያልኩ ነው ያን ሁሉ የተማርኩት። ፈተናውንስ ከታኅሣሥ ጀምሮ ትቼዋለሁ።

አልተቆጣሁህም። እርማትህን መጠበቅ ራሱ ነገር ነበር። እዚህ የተኙት ሌሎቹ የሚጠብቁት መድኃኒት ብቻ ነው።

ጋሼ፣ አሁን አንድም ስህተት የለበትም። አሁን ካነበብከው

*

እዚህ ላይ ይቆማል።

ጥፋቱን አገኘሁት። የተጀመረበት ቀን ጥቅምት 29 ነው፤ ቅጂው በእጄ አለ። ሦስቱን ወረቀቶች ጠረጴዛው ላይ፣ ለደንበኛ እንደምዘረጋው፣ ጎን ለጎን ዘረጋኋቸው። አንድ ላይ ሲታዩ ዕውር እንኳ ያነባቸዋል። እኔ ግን አንዱን ስቀበል የቀደመውን መልሼ ልኬ ነበር። ለደንበኛ ሁልጊዜ «አወዳድሩ» እላለሁ።

*

ያው ሰኔ 12፣ ከሰዓት በኋላ፣ አሥር ሰዓት

ለምሳ ቤት ገባሁ። እማዬ መስኮቱ አጠገብ ባለው ወንበሯ ላይ ነበረች። ቆርቆሮ ሣጥኗ ክዳኑ ተከፍቶ ጭኗ ላይ ነው። ባዶ ነው።

«ወሰድካቸው» አለችኝ።

«አዎ እማዬ።»

«ሱቁን ዘግተሃል። ጎረቤት ነገረችኝ።»

«አዎ።»

«በሥራ ቀን የዘጋኸው አባትህ የሞተ ቀን ብቻ ነው።»

መንገድ ላይ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበር። ቀስ በቀስ የሚነግር፣ መጀመሪያ ታማለች፣ ቀጥሎ ብሶባታል፣ በመጨረሻ ሞታለች የሚል። አፌ ውስጥ ቀረ። ጥቅሉን እግሯ ሥር አስቀመጥኩት። እጇን ሰድዳ በመጀመሪያ የነካችው ራሷ የቀመቀመችውን ጨርቅ ነው። ጠርዙን በጣቷ እስከ ዳር ድረስ ተከተለችው።

«አልሰፋችውም» አለች።

ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ አልጽፈውም። እንዲህ ዓይነቱ ለማንም አይጻፍም።

ብዙ ቆይታ ፊቷን በዚያው ጨርቅ ጠረገችና ወረቀቶቹን ከጥቅሉ አወጣች። ማንበብ አትችልም፤ ግን የልጇን እጅ ጽሑፍ ታውቃለች።

«እነዚህ ናቸው እያጠፍክ ኪስህ የምትከታቸው። ደብዳቤውን ታነብልኝና እነዚህን ትከታለህ። ምን አለች ስልህ ትምህርት ነው ትለኛለህ።»

«ትምህርት መስሎኝ ነው እማዬ።»

«እስቲ አስተምረኝ እንግዲህ።»

አጠገቧ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። የመጨረሻውን ወረቀት አነሳሁ፤ እሷ ግን ከእጄ ወስዳ የመጀመሪያውን ሰጠችኝ። ቀዩን በጣቷ ነካች፤ ቀለሙ ገና ጎላ ብሎ ይታያል።

«ይህ ቀዩ የማን ነው?»

«የእኔ።»

«እሷ የተናገረችው ነው?»

«አይደለም። እኔ በላዩ የተናገርኩት ነው።»

መዳፏን ወረቀቱ ላይ ዘረጋችና ቀዩን ሸፈነችው። ከጎኑ የእሷ ሰማያዊ ጽሑፍ ብቻ ቀረ።

«አሁን አንብብልኝ» አለች። «ምንም አትዝለል።»

«ከቤታችን ሁሉ ትንሿ እኔ ነኝ» ብዬ ጀመርኩ።

«አዎ፣ ናት» አለች እማዬ። «ቀጥል።»